እንጨቱ ገና ዛፍ ነው፦ የባህልና ሙዚቃ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡን እንድይዝ የተነገረኝ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማሲንቆ ይዤ አላውቅም። እስክስታዬም ሰርግ ላይ ሰው ያስቃል እንጂ አያስጨበጭብም። ግን የቀድሞው ተጠሪ ተዛወሩ፣ ሌላ ፈቃደኛም ጠፋ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «አንተ ስለ ዛፍ ታስተምር የለ? እነሱም ስለ ዛፍ ይዝፈኑ» ብለው ቀለዱ። ቀልዱ የዓመቱ ዕቅድ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ 41 ተማሪዎች መጡ። ግማሾቹ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው። አልደበቁኝም። የ11ኛ ክፍል ልጆች ክረምቱን ያዘጋጁትን መዝሙር አቀረቡ፦

«ደናችን ሀብታችን፣ ደናችን ውበታችን፣
እንንከባከበው ለነገ ልጃችን።»

ዜማው ደህና ነው። ቤትም ይመታል። ተጨበጨበላቸው። እኔም «ጎበዞች» አልኩ። ልቤ ግን ንቅንቅ አላለም። ስብሰባ አዳራሽ የተሰቀለ ባነር የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠች የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛ እንግጫ ስንነቅል እንዲህ አንልም።» ምን እንደሚሉ ስጠይቃት አፈረችና ተቀመጠች።

ከሌላ አገር ለመጡ መምህራን ትንሽ ላስረዳ። እንግጫ ሜዳ ላይ የሚበቅል ሣር ነው። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ተጠራርተው ሜዳ ይወርዳሉ። እየዘፈኑ ይነቅሉታል። ከዚያ ይጎነጉኑታል፤ አደይ አበባ ይጨምሩበታል። በእንቁጣጣሽ የእናት የአባት ራስ ላይ ያስሩታል፤ ምርቃት ይቀበላሉ። እኔ ጎጃም ተወልጄ አድጌ ይህን ሁሉ የማውቀው የእህቶቼ ሥራ እንደሆነ ብቻ ነበር። ዘፈኑን ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም።

ልጅቷን ከስብሰባው በኋላ ለብቻዋ አናገርኳት። «እኛ ስለ እንግጫው አይደለም የምንዘፍነው» አለችኝ። «እንግጫውን ይዘን ነው።» ያን ዕለት ልዩነቱ አልገባኝም። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩትና ረሳሁት።

ጥቅምት ላይ የመስክ ሥራ ጀመርን። መጠይቅ አዘጋጀሁ። የዩኒቨርሲቲ አመል አይለቅም መቼስ። አንደኛው ጥያቄ «ስለ ተፈጥሮ የሚዘፈኑ፣ የሚያውቋቸው ባህላዊ ዘፈኖች አሉ?» የሚል ነው። ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ ወደየቤተሰባቸው ይዘውት ሄዱ። ሰኞ የመጣው ወረቀት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ የለም። የለም። አላውቅም። የለም። አንዲት አያት «ተፈጥሮ» ሲባሉ የሰው ጠባይ መስሏቸው «የሰው ተፈጥሮማ አይለወጥም ልጄ» ብለው መክረው ሸኝተዋል። መቶ ያህል ዘፈን በቃላቸው የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ «የለም» ያሉን።

ነገሩን የፈታው መጠይቁ የሰለቸው አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና አያቱን «አባባ፣ ሲያርሱ በሬውን ምን ይሉታል?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ልጁ በሞባይሉ ቀዳ። ድምፁ ውስጥ ነፋስ አለ፣ ዶሮም አለ። ከመሀል እንዲህ የሚል ይሰማል፦

«አይዞህ በለኝ ቦራ፣ እኔም ልበል አይዞህ፤
እኔን ድህነት ነው፣ አንተን ቀንበር ያዘህ።»

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ነው። ክበቡ ክፍል ውስጥ ይህን ስናጫውት የሚያወራ አልነበረም። ሽማግሌው በሬውን አይዞህ ማለታቸው አይደለም የገረመኝ። ያንንማ ማንም ገበሬ ይላል። እሳቸው ግን «አይዞህ በለኝ» ነው ያሉት። ከበሬው ማጽናኛ ይጠብቃሉ።

ያኔ የ9ኛ ክፍሏ ልጅ ነገር ትዝ አለኝ። «ስለ» የምትለውን ቃል ከመጠይቁ አወጣናት። «ተፈጥሮ»ንም አወጣን። ጥያቄው ይህ ሆነ፦ ሲያርሱ በሬውን፣ ሲያልቡ ላሟን፣ ሲፈጩ ወፍጮውን፣ ሲሻገሩ ወንዙን ምን ይሉታል? ጎርፉ መጣ። የሞባይል ሜሞሪ ሞላ። በአውድማ በሬ እያዞሩ የሚያዜሙ፣ አረም ላይ በወንፈል ተሰልፈው የሚቀባበሉ፣ ከብት ሲጠፋ ዳገት ላይ ቆመው በስሙ የሚጣሩ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከአያቷ የቀዳችው የወፍጮ እንጉርጉሮ የብዙዎቻችንን ሆድ አላወሰ፦

«አንተስ ወፍጮ ድንጋይ፣ እህል ትበላለህ፤
የኔን ሆድ ብነግርህ መች ታውቅልኛለህ።»

ያ ወፍጮ ዛሬ ጓሮ ተጥሏል። ዶሮ ውሃ ይጠጣበታል። እህሉ የሚፈጨው ከተማ በመብራት ወፍጮ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጩኸቱ ለሰላምታ እንኳ አይመችም። አያትዮዋ መጁን አንስተው ድንጋዩ ላይ ካላሳረፉ ግጥሙ አልመጣላቸውም አሉ። ቁጭ ብለው ሞክረው ነበር፤ እንቢ አላቸው። እጃቸው ሲንቀሳቀስ ግን ተከታትሎ ወረደ።

ለክበቡ የዓመት ሥራ የተሰጠኝ ርዕስ «በሕዝብ ዘፈን ውስጥ የሰውና የተፈጥሮ መንፈሳዊ ትስስር» የሚል ነበር። ትልቅ ስም ነው። የዓመቱን ዕቅድ ስጽፍ እኔም ወድጄው ነበር። አሁን ግን ትንሽ ያሳፍረኛል። እነዚህ ሰዎች ትስስር አለን አይሉም። ከበሬው ጋር ያወራሉ፣ በዚያው ትንፋሽ ፈጣሪን ይለማመናሉ፣ ወደ በሬው ይመለሳሉ። አውድማ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛም «ያበርክትላችሁ» ይላል። የቱ ጸሎት፣ የቱ ሥራ፣ የቱ ዘፈን እንደሆነ መስመር አስምሩ ብትሉኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

የዛፍ ስም ጉዳይም አለ። ለባዮሎጂ ክፍሌ ብዬ ልጆቹን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሰድኳቸው። በእኛ አገር ነባሩ ዛፍ የቀረው ታቦት ባለበት ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና፣ ኮሶ። ብዙዎቹ ልጆች የሚለዩት ባሕር ዛፍን ብቻ ነው። ከአዊ የመጡት ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ከውጭ የገባ የግራር ዓይነት ያውቃሉ፣ ቤተሰባቸው ከሰል እያከሰለ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ። ለዲከረንስ የተዘፈነ ግን አላገኘንም። ገና እንግዳ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ዓባይ። ጎጃም ላይ ስለ ዘፈን ተወርቶ ዓባይ ሳይነሳ አይቀርም፤ አገሩን በሦስት ወገን የከበበው እሱ ነው። ከተሰበሰበው ውስጥ በየቤቱ የተደጋገመችው ይቺ የታወቀች ስንኝ ነበረች፦

«ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፤
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያው ድረስ።»

አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ወንዝ እንዴት ቀጠሮ ይሰጣል?» አለ። ሌላው «ሰጠዋ! ተጠየቀ፣ መለሰ» አለው። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ቆየ። እኔ የባዮሎጂ መምህርነቴ ተነሳብኝና ነገሩን በሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ዓባይ የሚሞላው በክረምት ነው። ነሐሴ ላይ ጣሪያ ይነካል። ከጥቅምት በኋላ ይወርዳል። ታኅሣሥ ላይ ወዳጁ ማዶ የቀረበት ሰው መሻገሪያ ያገኛል። ወንዙ አልዋሸም። ገጣሚው የወንዙን ዓመት አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ግን ስለቸገረውና ስለናፈቀው ነው።

ጥር ላይ የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ለማየት ተነሳን። ገንዘቡ ከወላጆች መዋጮና ከትምህርት ቤቱ ተገኘ፤ በዝርዝሩ አላደክማችሁም። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርን። ፍኖተ ሰላም ቁርስ በላን። በቡሬና በጥሊሊ አድርገን ወደ ሰከላ ወጣን። መንገዱ አቧራ ነው። ልጆቹ እየዘፈኑ ደረሱ።

እዚያ ስንደርስ አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠበቁን። ጠየቁን፦ «እህል ቀምሳችኋል?»

ቀምሰናል። ሁላችንም። እኔ እንዲያውም ዱለት በልቼ ነበር።

ምንጩ ጠበል ነው። እህል የቀመሰ ሰው ጠበል እንደማይቀርብ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ ኖራለች። መርሐ ግብሩን ስጽፍ «1፡30 ቁርስ» ብዬ በራሴ እጅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን አጥር ሥር ቆምን። የልጆቹን ዓይን ማየት አቃተኝ። አባም አላላገጡብን። «ታዲያ ምን ይደረግ፣ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ» አሉ።

ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ነገሩን። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁት ጠብታ ሳይነካቸው መለሰላቸው። ልጆቹ ተያዩ። እዚህም ወንዙ ተጠይቆ መልሷል። የታኅሣሡን ስንኝ ያነሳ ልጅ «ያው ነው እኮ!» ብሎ ጮኸና አባን አስደነገጣቸው።

ሁለት ልጆች ብቻ ጾማቸውን ነበሩ። አንዱ ዲያቆን ነው፤ ጠበል ሊጠጣ አስቦ ከቤቱ ሳይቀምስ ወጥቷል፣ ለእኛ ግን አልነገረንም። ሁለተኛዋ ያቺ የእንግጫዋ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነች። መኪና ያስመልሳታል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ውሃ እንኳ አፏ አልገባም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እኛ ውጭ ቀረን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ሲመለሱ ከበብናቸው። ዲያቆኑ «ትንሽ ነው» አለ። «በጣም ትንሽ።» ጣናን አቋርጦ፣ ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ካርቱም ላይ ከነጩ ዓባይ የሚገናኘው ያ ወንዝ እዚያ ሲነሳ በቅል የሚቀዳ ነገር ነው። ልጅቷ አልተናገረችም። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ደብተሯን አቀበለችኝ፦

«ዓባይ ልጅ ሳለህ ነው ያየሁህ ሰከላ፤
አድገህ አታውቀኝም ስትሄድ ወደ ሌላ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመስከረም ጀምሮ ያስተማርኳቸው ነገር ካለ ይሄ አይደለም። ይሄን እሷ ይዛው የመጣች ናት።

ስለ መሣሪያዎቻችን ደግሞ። ክበቡን ከመያዜ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው የዋንዛ ዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ ወደቀ። ማገዶ ሊሆን ሲል ልጆቹ ለመኑና ክበቡ ወሰደው። ማሲንቆና ከበሮ ከዋንዛ እንደሚሠራ ሰምተዋል። ትኩስ ትኩሱን አስፈለጡት፣ አስቦረቦሩት፣ የፍየል ቆዳ ወጠሩበት። ኅዳር ላይ ማሲንቆው ያምር ነበር። ጥር ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ድምፁም የጣሳ ድምፅ ሆነ።

ሰርግ ላይ የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ለምነን አመጣን። ሳጥኑን አገላብጠው አዩት። አሸተቱት። «ይሄ እንጨት ገና ዛፍ ነው» አሉ። «ማን አደረቀው? ውሃውን እኮ አልጨረሰም።» ከፍላጩ የተረፈውን ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ፀሐይ አያግኘው፣ አትቸኩሉ ብለው ሄዱ። ግንቦት ድረስ ጠበቅን። እሱም ሳይሰነጠቅ ወጣ።

ጭራው ሌላ ታሪክ ነው። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም እንደዚያው። ከእንጅባራ የመጣ አንድ ተማሪ አያቱ ፈረስ አላቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሳቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። ታኅሣሥ ላይ ጭራ ብንጠይቃቸው «ከበዓሉ በፊት አንዲት ፀጉር አትነካም» አሉ። ትክክል ናቸው። ከበዓሉ በኋላ አንድ እፍኝ ላኩልን። ጭራው ዝም ብሎ አይጮኽም፤ ዕጣን ይታሻል። ያለ ዕጣን ደጋኑ ይንሸራተታል። ዛፍ፣ ቆዳ፣ ፈረስ፣ ዕጣን። ልጆቹ ማሲንቆ የሱቅ ዕቃ አለመሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

ዋሽንት ላይ ብዙም አልሄድንም። የአንዱ ዋሽንት ድምፅ ከሌላው አይገጥምም፤ አዋቂዎቹ ለዚህ ነው ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት። እኛ ሦስት ብቻ ነበሩን። ስለ ቅኝት አንድ መምህር መጥተው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን አስረዱን። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ሲሰሙ ልጆቹ «ጎጃምስ?» ብለው አኮረፉ። መምህሩ ጎጃም ቅኔውን ይዟል ብለው አስታረቋቸው።

ከየካቲት 25 እስከ ሚያዝያ 20 ጾም ነበር። ክበቡ ተንገዳገደ። ወላጆች በጾም ዘፈን አይሆንም አሉ። አልተከራከርኩም። የልምምዱን ሰዓት ወደ በገና አዞርነው። አሥር አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት የተፈተለ። ዲያቆኑ ልጅ ያን ወቅት መምህራችን ሆነ። ቅዱስ ያሬድን በትውፊት ከኤደን የመጡ ሦስት ወፎች ዜማ እንዳስተማሩት፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ የሚሞክር ትል አይቶም ወደ ትምህርቱ እንደተመለሰ ተረከልን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በዘመነ ጽጌ ካህናቱ አበባ እያነሱ ሲዘምሩ እንደሚያድሩም ነገረን። ጥቅምት ላይ ሰኞ ሰኞ ክፍሌ ውስጥ የሚያንቀላፋበትን ምክንያት ያን ጊዜ አወቅሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት።

የሰኔው መዝጊያ ዝግጅት አልከፋም። የ11ኛ ክፍል ልጆች የደኑን መዝሙር ትተው ለቤተ መጻሕፍቱ ዋንዛ አዲስ አመጡ፦

«ዋንዛው ምን ሆነሃል ቅጠልህ ረገፈ፤
የኔስ ሰው አልመጣም ክረምቱም አለፈ።»

በአዲሱ ማሲንቆ ታጀበ። እውነቱን ልናገር፣ ከወላጆች ዘንድ የበለጠ ጭብጨባ ያገኘው ግን ማሳረጊያ ላይ ሚኒ ሚዲያው የለቀቀው የድሮው «ደናችን ሀብታችን» ነው። ልጆቹ ተናደዱ። የቦራው ባለቤት ሽማግሌ ግን ፊት ወንበር ተቀምጠው የሚመለከቱት በመስኮት ዋንዛውን ነበር።

ለሚቀጥለው ተጠሪ የማስረክበው ይህ ነው። ቅጂዎቹ በአንድ ፍላሽና በሚኒ ሚዲያው ኮምፒውተር ላይ አሉ፤ ስማቸው አልተስተካከለም፣ «ዶሮ ያለበት» የሚለው የቦራው ነው። ሁለት ዋሽንት፤ ሦስተኛው ተሰብሯል። አንድ ከበሮ። የተሰነጠቀው ማሲንቆ፣ ልጆቹ አይጣል ስላሉ። ደህናው ማሲንቆ በቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጭራው ሳስቷል፣ መቀየር አለበት። ባለፈረሱን በስልክ ጠይቄያቸዋለሁ። «መስቀል ሲያልፍ ኑ» ብለዋል። «ክረምት ዝንብ ይበዛል፤ ጭራውን እሱም ይፈልገዋል።»